በሰው አገር ወደብ፣ በጀልባ ላይ የቆመ ትዳር

ቤት ሲባል ለአብዛኞቻችን በመጀመሪያ የሚታሰበን መሬት ነው። ግድግዳው ጭቃም ይሁን ብሎኬት፣ ጣሪያው ሣርም ይሁን ቆርቆሮ፣ ቤት ማለት መሠረቱ ከመሬት የተተከለ፣ ማታ ቆልፈነው ብንተኛ ጠዋት እዚያው ቦታ የምናገኘው ነገር ነው። ውድ አንባቢያን! ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናጫውታችሁ ግን እንዲህ ያለ መሠረት ስለሌለው ቤት ነው። ባለሸራ ጀልባን ጎጆ አድርገው፣ ልጅ እያሳደጉ፣ ከአገር አገር በባሕር ስለሚዘዋወሩና በሰው አገር ወደብ ብዙ ወራትን፣ አንዳንድ ጊዜም ዓመታትን ስለሚያሳልፉ ቤተሰቦች ነው።

«ይህ የሀብታሞች መዝናኛ ለእኛ ምን ይረባናል?» ትሉን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከእነዚህ ቤተሰቦች መካከል ባለጸጎች የሉም አይባልም። ይሁን እንጂ ቤታቸውን ሸጠው ጀልባ የገዙ ጡረተኞች፣ የዓመታት ደመወዛቸውን አጠራቅመው የወጡ መምህራን፣ ነርሶችና የእጅ ባለሙያዎችም ከመካከላቸው ይገኛሉ። ለማንኛውም እኛን የሚመለከተን የጀልባው ዋጋ ሳይሆን በውስጡ ያለው የቤት ሥራ ነው። ውሃ በሊትር በሚቆጠርበት፣ እናትና አባት ልጆችም ጭምር በአንዲት ጠባብ ክፍል በሚውሉበትና በሚያድሩበት ኑሮ ማን ምን ይሠራል? ማንስ ምን ያውቃል? አንደኛው ቢታመም ወይም ባሕር ቢወስደው ሌላኛው ምን ያደርጋል? እነዚህ ጥያቄዎች በየትኛውም ቤት ያሉ ናቸው። በጀልባ ላይ ግን መልሳቸውን ለነገ ማሳደር አይቻልም።

ዐውሎ ነፋስን ሽሽት

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ወደብ በምሳሌነት እንውሰድ። ፋንጋሬይ ትባላለች። ከአውስትራሊያ በስተምሥራቅ፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ በምትገኘው በኒውዚላንድ ሰሜናዊ ጫፍ አካባቢ፣ ኦክላንድ ከተባለችው ትልቅ ከተማ ወደ ሰሜን 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የወንዝ ዳር ከተማ ናት።

ጀልባዎቹን ወደዚህች ከተማ የሚያመጣቸው የአየር ጠባይ ነው። በሰላማዊ ውቅያኖስ ሞቃት ክፍል፣ ማለትም ቶንጋ፣ ፊጂና ሳሞአ በሚባሉት ደሴቶች አካባቢ፣ ከኅዳር ወር ገደማ ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ድረስ ሳይክሎን የተባለው ኃይለኛ ዐውሎ ነፋስ የሚነሣበት ወቅት ነው። ይህ ነፋስ ሲመጣ ጣሪያ ይገነጥላል፣ ዛፍ ከሥሩ ይነቅላል፤ መልሕቁን ጥሎ የቆመ ትንሽ ጀልባማ ከቁጥርም አይገባ። ስለዚህ በደሴቶቹ መካከል ሲዘዋወሩ የከረሙት የጀልባ ቤተሰቦች ወቅቱ ሳይደርስ ወደ ደቡብ ይሸሻሉ። ከቶንጋ እስከ ኒውዚላንድ ሰሜናዊ ጠረፍ ያለው ባሕር 1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ትንሽ ባለሸራ ጀልባ ቀንና ሌሊት ሳትቆም ብትጓዝ ስምንት፣ አሥር፣ ነፋሱ ካላገዘ ደግሞ ከዚያም የበለጡ ቀናት ይፈጅባታል። በዚህ ሁኔታ በኅዳር አካባቢ የገቡት ቤተሰቦች ነፋሱ እስኪያልፍ ስድስት ወር ያህል በወደቡ ይቆያሉ።

ጉዞው ከማለቁ በፊት ግን የቤት እመቤቷ አንድ ትልቅ ሒሳብ ይጠብቃታል። ኒውዚላንድ በግብርናና በከብት ርባታ የምትኖር አገር በመሆኗ የውጭ በሽታና ተባይ እንዳይገባባት አጥብቃ ትቆጣጠራለች። ኦፑዋ በተባለችው የመግቢያ ወደብ የደረሰች ጀልባ ቢጫ ባንዲራ ሰቅላ ለብቻዋ ትቆማለች። የጉምሩክና የጤና ቁጥጥር ሠራተኞች መጥተው ፈትሸው እስኪያሰናብቱ ድረስ ከጀልባው ማንም ሰው አይወርድም። ማር፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ትኩስ ፍራፍሬና አትክልት ከተገኘ ይወሰዳል። ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ የጀልባዋ ሆድ ራሱ ከአረንጓዴ ዝቃጭና ከተጣበቁ የባሕር ነፍሳት የጸዳ መሆን ይኖርበታል። ስለዚህ ወጥ ቤቱን የያዘው ሰው የመጨረሻው ሽንኩርትና የመጨረሻው እንቁላል ከመድረሻው ቀን ጋር እኩል እንዲያልቁ አድርጎ ያበስላል። በጣም ቆጥቦ ቢተርፍ ይጣላል፤ ሳይቆጥብ ቀርቶ ነፋሱ ቢዘገይ ደግሞ ቤተሰቡ ይራባል።

የመግቢያው ሥርዓት ካለቀ በኋላ ጀልባዎቹ ሃቴያ የተባለውን ወንዝ ይዘው ወደ ፋንጋሬይ ይዘልቃሉ። በመንገዳቸው ላይ በ2013 የተመረቀ፣ የዓሣ መንጠቆ ቅርጽ ያለው ድልድይ አለ። ረጅም የሸራ ምሰሶ ያላት ጀልባ ስትመጣ ድልድዩ ወደ ላይ ተከፍቶ ያሳልፋታል። ከዚያም በከተማዋ እምብርት፣ ከሱቅና ከመንገድ አጠገብ፣ በወንዙ ውስጥ ከተተከሉ ግንዶችና ከመቆሚያ ሰሌዳዎች ጋር ገመዳቸውን አስረው ይቆማሉ። በባሕር ላይ ሁለቱ ባልና ሚስት በየሦስት ወይም በየአራት ሰዓቱ እየተፈራረቁ ሲጠብቁ ስለሚያድሩ፣ ሁለቱም አንድ ሙሉ ሌሊት በአንድ ላይ የሚተኙት ወደብ ገብተው ገመድ ካሰሩ በኋላ ነው።

ጠባብ ቤት፣ ቁጥር ያለው ውሃ

አንድ ቤተሰብ የሚኖርባት እንዲህ ያለች ጀልባ ብዙውን ጊዜ ርዝመቷ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሜትር ሲሆን፣ ወርዷ ደግሞ በሰፊው ቦታ አራት ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚህች ቦታ ማድ ቤቱ፣ መኝታው፣ ሽንት ቤቱ፣ የካርታ ጠረጴዛውና ሞተሩ ተደራርበው ይገኛሉ። ቀን ምግብ የሚበላበት ጠረጴዛ ማታ ዝቅ ተደርጎ አልጋ ይሆናል። ከወንበሩ ሥር ዱቄትና ሩዝ፣ ከአልጋው ሥር ገመድና መፍቻ ይቀመጣል። አንድ ጣሳ ለማውጣት ሦስት ዕቃ ማንሣት ስለሚያስፈልግ፣ ምን የት እንዳለ በደብተር ይመዘገባል። ዕቃውን ከተጠቀመ በኋላ ወደ ቦታው ያልመለሰ ሰው የሌላውን ጊዜ እንደ ሰረቀ ይቆጠራል።

ከሁሉም የበለጠ ሒሳብ ያለበት ውሃ ነው። የጀልባዋ የውሃ ታንክ እንደ መጠኗ ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ ወይም አራት መቶ ሊትር ይይዛል። ዛሬ የባሕርን ውሃ ጨው አስወግዶ ለመጠጥ የሚያደርስ መሣሪያ ያላቸው ጀልባዎች አሉ። መሣሪያው ውድ በመሆኑና ሊበላሽም ስለሚችል ግን ቁጠባው አልቀረም። በጉዞ ላይ ዕቃ በባሕር ውሃ ይታጠብና በመጨረሻ በአንድ ኩባያ ንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። በብዙ ጀልባዎች ውሃው የሚቀዳው በእግር በሚረገጥ ፓምፕ ነው። እግር ሲነሣ ውሃውም ስለሚቆም፣ ተከፍቶ የተረሳ ቧንቧ የሚባል ነገር የለም።

ልብስ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በባሕር ውሃ የታጠበ ልብስ ቢሰጣም ፈጽሞ አይደርቅም። በጨርቁ ውስጥ የቀረው ጨው ከአየሩ ርጥበት እየሳበ ሁልጊዜ ያረጥበዋል። የሕፃን ቆዳንም ያቆስላል። በመሆኑም ወደብ እንደተገባ የመጀመሪያው ሥራ የልብስ አጠባ ነው። በመቆሚያው አጠገብ ሳንቲም የሚከፈልበት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ስለሚኖር፣ አዲስ የመጡ ቤተሰቦች በመጀመሪያ የሚተዋወቁት እዚያ ወረፋ ሲጠብቁ ነው።

በከተማችን ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩ አንባቢያን ይህን ለመረዳት አስረጂ አያስፈልጋችሁም። ጀሪካኑን የምትሞሉት፣ የልብስ ለቅላቂውን ለወለል የምታቆዩት እናንተ ናችሁ። ልዩነቱ ይህ ነው፦ በጀልባ ላይ በታንኩ ውስጥ የቀረው ውሃ በየቀኑ ተለክቶ ለቤተሰቡ ሁሉ ይነገራል። ባልም ልጅም ቁጥሩን ያውቁታል። የውሃ ጭንቀት የእናት ብቻ ሆኖ የሚቀረው ሌላው ሰው መጠኑን ሳያውቀው ሲቀር ነው።

ስለ ማብሰያ ጋዝም የምንማረው አለ። የቡታጋዝ አየር ከምንተነፍሰው አየር ይከብዳል። ከሲሊንደር ወይም ከጎማ ሾልኮ የወጣ ጋዝ ወደ ላይ ሄዶ አይበንንም። እንደ ውሃ ወደ ታች ወርዶ ወለል ላይ ይተኛል። የጀልባ ሆድ ደግሞ እንደ ጎድጓዳ ሳህን የተዘጋ ስለሆነ፣ በዚያ የተጠራቀመ ጋዝ አንዲት የእሳት ብልጭታ ስታገኘው ጀልባዋን ያፈነዳታል። በዚህ ምክንያት ሲሊንደሩ የሚቀመጠው ሥሩ ወደ ውጭ በሚያስተነፍስ ለብቻው በተሠራ ሳጥን ውስጥ ሲሆን፣ ምግብ በተበሰለ ቁጥር የሲሊንደሩ መዝጊያ ይዘጋል። እናንተም በቤታችሁ የምድጃውን ብቻ ሳይሆን የሲሊንደሩንም መዝጊያ የመዝጋት ልማድ ይኑራችሁ። ሽታ ከተሰማችሁ መብራት ሳታበሩና ሳታጠፉ፣ ክብሪትም ሳትጭሩ፣ በመጀመሪያ በርና መስኮት ክፈቱ።

ልጆች በውሃ መካከል

«ልጅ ይዞ እንዴት በባሕር ላይ ይኖራል?» የሚለው የእናት ጥያቄ ነው። መልሱ ጥንቃቄ ነው። ትንንሽ ልጆች ባሉባት ጀልባ ዙሪያውን በአጥሩ ገመድ ላይ መረብ ይወጠራል። በጉዞ ጊዜ ሕፃኑ ከጀልባው ጋር በሚያያዝ ቀበቶ ይታሰራል። ወደብ ከተገባ በኋላ ደግሞ በመቆሚያው ሰሌዳ ላይ የመንሳፈፊያ ሰደሪያ ሳይለብሱ መሮጥ ክልክል ነው። ልምድ ያላቸው ወላጆች በተለይ የሚያስጠነቅቁት ስለ ወደብ ነው። በባሕር ላይ ሁሉም ንቁ ነው። ወደብ ሲገባ ግን ሰው ይዘናጋል፤ በጀልባዋና በመቆሚያው መካከል ያለችው ጠባብ ክፍተት ግን አትዘናጋም።

ትምህርታቸውንም አያቋርጡም። በአሜሪካ ባልቲሞር የሚገኝ ካልቨርት የተባለ ትምህርት ቤት በ1906 የቤት ውስጥ ትምህርት በፖስታ መላክ ከጀመረ ወዲህ ለብዙ ዓመታት የጀልባ ልጆች በእርሱ መጻሕፍት ፊደል ቆጥረዋል። ኒውዚላንድም ራቅ ባለ ገጠር ለሚኖሩ ልጆች በ1922 የተልእኮ ትምህርት ቤት አቋቁማለች። ዛሬ መጽሐፉ በኢንተርኔት ይመጣል፤ ጠዋት ጠዋት ልጁን ጠረጴዛ ላይ የማስቀመጡ ሥራ ግን እንደ ቀድሞው የወላጅ ነው። ከትምህርቱ ሰዓት ውጭ ያለውን ሁሉ ልጆቹ ከሥራው ይማሩታል። የስምንት ዓመት ልጅ ቋጠሮ ያስራል፤ የአሥር ዓመት ልጅ የባሕሩን መሙላትና መጉደል ከሠንጠረዥ ያነባል፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ትንሿን ጀልባ እየቀዘፈ ከሱቅ ዳቦ ያመጣል።

ሆኖም ሁሉም ነገር የሚያስቀና አይደለም። አንድ ልጅ በስድስት ወር ውስጥ ያፈራውን ጓደኛ ነፋሱ ሲያልፍ ተሰናብቶ ይሄዳል። አያትና አክስት በሥዕልና በስልክ ብቻ የሚታወቁ ይሆናሉ። ይህን ጉድለት ለመሙላት የጀልባ ቤተሰቦች በየወደቡ የራሳቸው የመረዳጃ ልማድ አላቸው። በብዙ ወደቦች ጠዋት በተወሰነ ሰዓት ሁሉም የጀልባ ሬዲዮውን ይከፍታል። ማን ታመመ? ማን መጣ? ማን ሊሄድ ነው? መለዋወጫ ዕቃ ያጣ ማን ነው? ሕፃን የሚጠብቅለት የሚፈልግስ? እየተባለ ይጠያየቃል። እንደ እድራችን መዝገብና መዋጮ የለውም እንጂ ሥራው የእድርን ይመስላል።

እንግዳ እንግዳ ነው

በሰው አገር ወደብ ረጅም ጊዜ መቆየት ከባሕሩ ይልቅ በወረቀት ምክንያት ያስቸግራል። ኒውዚላንድ የውጭ ጀልባ ቀረጥ ሳይከፈልባት እስከ ሁለት ዓመት እንድትቆይ ትፈቅዳለች። ባለቤቶቹ ግን እንደ ማንኛውም ጎብኚ ቪዛቸው በወራት የተወሰነ ነው፤ ቀኑ ሲያልቅ ማሳደስ ወይም መውጣት አለባቸው። በጎብኚ ቪዛም በኒውዚላንድ ለሚገኝ ቀጣሪ ተቀጥሮ መሥራት አይፈቀድም። በአገሯ ነርስ ወይም መምህርት የነበረችው ሴት በወደቡ ሥራ ፈት ትሆናለች። ገቢ የለም፤ ወጪ ግን አለ። ለመቆሚያው ኪራይ ይከፈላል፤ ጀልባዋም ከውሃ ወጥታ ሆዷ መፋቅና ተባይ የሚከላከል ቀለም መቀባት ይኖርበታል። ቤተሰቡ በዚያ ጊዜ የሚኖረው በደረቅ መሬት ላይ በድጋፍ በቆመችው ጀልባ ውስጥ በመሰላል እየወጣና እየወረደ ነው።

ሕመምም ሌላው ጭንቀት ነው። በኒውዚላንድ ሕግ በአደጋ የተጎዳ ሰው ጎብኚም ቢሆን የሕክምና ርዳታ ያገኛል። ታሞ ሆስፒታል የገባ እንግዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከኪሱ ይከፍላል። ለዚህ ነው በደንብ ያሰቡ ቤተሰቦች የጀልባዋን መታወቂያ፣ የባንኩን ሒሳብና የመድን ወረቀቱን በባልና በሚስት ስም የሚያደርጉት። ሁሉም በባል ስም ብቻ ከሆነ፣ እርሱ በሰው አገር አንድ ነገር ቢሆን ሚስት ከምትኖርበት ቤት ጋር ያላትን መብት ለማስረዳት ቢሮ ለቢሮ መንከራተት ይሆናል ዕጣዋ።

በሩ የተዘጋ ጊዜ

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የተፈተነው በ2020 ነው። በዚያ ዓመት መጋቢት ወር በዓለም የተዛመተውን የኮሮና ወረርሽኝ ለመከላከል ኒውዚላንድ በ19ኛው ቀን ድንበሯን ለውጭ ዜጎች ዘጋች። በ25ኛው ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ደግሞ ሕዝቡ በሙሉ ከየቤቱ እንዳይወጣ አዘዘች። ጊዜው የጀልባ ቤተሰቦች ስንቃቸውን ሰንቀው ወደ ደሴቶቹ ለመመለስ የሚዘጋጁበት ወቅት ነበር። ደሴቶቹም ግን በተራቸው በራቸውን ዘግተዋል። ወደ ፊት የሚቀበል የለም፤ ወደ አገር ለመመለስ ግማሽ ዓለም መዞር ያስፈልጋል። «ከቤት አትውጡ» የተባለው ትእዛዝ ለእነርሱ ከአሥራ ሁለት ሜትር ጀልባ አትውጡ ማለት ሆነ። በጀልባ መዝናናትም ሆነ መዘዋወር ተከልክሎ ነበር።

ስድስት ወር ብለው የመጡ ቤተሰቦች ያላሰቡት የክረምት ጊዜ መጣባቸው። በዚያ አገር ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ ብርዳማ ነው። ብርዱ የሚያደርቅ ሳይሆን እርጥብ ነው። ከሰው ትንፋሽና ከድስት የሚወጣው እንፋሎት በቀዝቃዛው የጀልባ ግድግዳ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ፍራሽ ከሥሩ ይሻግታል። መፍትሔው በየቀኑ ፍራሹን ማንሣት፣ ግድግዳውን በኮምጣጤ መወልወልና ብርዱም ቢኖር መስኮት መክፈት ነው። ብርድን ፈርቶ ሁሉንም ዘግቶ በውስጥ እሳት ማንደድ ሽታ የሌለው መርዛማ ጭስ ያጠራቅማል፤ ተኝቶ ያልነቃ ብዙ ነው። ከሰል በተዘጋ ክፍል ማንደድ ምን እንደሚያስከትል እኛም በየክረምቱ የምንሰማው ነው።

መንግሥቱ የጎብኚዎችን ቪዛ እስከዚያው ዓመት መስከረም 25 ቀን በሙሉ በማራዘሙ ቤተሰቦቹ ትንሽ ተነፈሱ። በሰኔ ወር ደግሞ ፊጂ ለጀልባዎች ልዩ በር ከፈተች። ተመርምሮ ነጻ የሆነ መንገደኛ በባሕር ላይ ያሳለፋቸው ቀናት እንደ መለያ ጊዜ ይቆጠሩለት ጀመር። አንዳንዶች በዚህ መንገድ ወጡ። ሌሎች ደግሞ ቪዛቸውን እያሳደሱ እዚያው ቆዩ። የኒውዚላንድ የባሕር በር ሙሉ በሙሉ የተከፈተው በሐምሌ 31 ቀን 2022 ነው።

መሪው የማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ የጀልባ ሰዎች ዘንድ «ሰማያዊ ሥራ» እና «ሮዝ ሥራ» የሚባል አነጋገር አለ። ሰማያዊ የሚባለው የወንድ ነው፤ ሞተር፣ መልሕቅ፣ ሬዲዮና መሪ። ሮዝ የሚባለው የሴት ነው፤ ምግብ፣ ልብስ፣ ጽዳትና ልጅ። በቀልድ የሚነገር ቢሆንም በብዙ ጀልባ ላይ እውነት ነው። በሰላም ቀን ምንም ጉዳት ያለው አይመስልም። ባል መሬት ወርዶ ሳለ ነፋስ ተነሥቶ መልሕቁ የተንሸራተተ ዕለት ግን፣ ሞተር ማስነሣት የማታውቅ ሴት ከነልጆቿ ከድንጋይ ጋር ትላተማለች።

ይህን ከሚያስረዱ ታሪኮች አንዱ የእንግሊዛዊቷ የአን ዴቪሰን ነው። በ1949 ከባሏ ጋር የተሳፈሩባት ጀልባ በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ ከዐለት ጋር ተላትማ ባሏ ሞተ፤ እርሷ ተረፈች። አን ከዚያ በኋላ ሥራውን ከመሠረቱ ተማረች። በ1952 ሰባት ሜትር ርዝመት ባላት ጀልባ ብቻዋን ተነሥታ፣ በየወደቡ እያረፈች፣ በሚቀጥለው ዓመት ጥር ወር አትላንቲክን አቋርጣ ከካሪብያን ደሴቶች አንዷ ከሆነችው ከዶሚኒካ ደረሰች። አትላንቲክን ብቻዋን በጀልባ ያቋረጠች የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ ናት።

ሌላዋ የኒውዚላንድ ተወላጅ የሆነችው ናኦሚ ጄምስ ናት። ከገበሬ ቤተሰብ የተወለደች፣ በጸጉር ሥራ ትተዳደር የነበረች ሴት ስትሆን፣ ከባሕር ጋር የተዋወቀችው አድጋ ነው። ከ1977 እስከ 1978 ድረስ በ272 ቀናት ዓለምን በኬፕ ሆርን በኩል ብቻዋን በሸራ በመዞር ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆናለች። ባሏ ሮብ ጄምስ ስመ ጥር መርከበኛ ነበር። በመጋቢት 1983 ከእንግሊዝ ወደብ ለመግባት ጥቂት ሲቀረው ከጀልባው ወድቆ በውሃው ብርድ ሞተ። ባልደረቦቹ በጊዜ ሊያወጡት አልቻሉም። ናኦሚ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ልጇን የወለደችው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ባሕር የሠለጠነ ሰው ነው፣ ወደብ አጠገብ ነው ብሎ እንደማይምር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ሮዚ ስዌል የተባለችው እናት ደግሞ ከ1971 እስከ 1973 ድረስ ከባሏና ከትንሽ ልጇ ጋር ዘጠኝ ሜትር ርዝመት ባላት መንታ ሆድ ጀልባ ኖራለች። ሁለተኛ ልጇን ጣሊያን አገር ሳሉ የወለደችው በዚያችው ጀልባ ላይ ነው። ከዚያም ቤተሰቡ እስከ አውስትራሊያ ሄዶ በኬፕ ሆርን በኩል ተመልሷል። ይህን የምንነግራችሁ በጀልባ ላይ መውለድ አርአያ ይሁን ብለን አይደለም፤ የወላድ ቦታ ጤና ጣቢያ ነው። ነገር ግን ሮዚ ልጅ ስታሳድግ የባሕሩን ሥራ ለባል ብቻ የተወች ተሳፋሪ አልነበረችም፤ ፈረቃዋን እየጠበቀች ሸራውን ታዞር ነበር።

ጥንቁቅ የጀልባ ቤተሰቦች ከእንዲህ ያሉ ታሪኮች ትምህርት ወስደው ረጅሙን የወደብ ቆይታ ለልምምድ ይጠቀሙበታል። ባሕሩ ጸጥ ባለበት ቀን ሚስት መሪውን ትይዛለች፤ ባል ገመዱን ይስባል። ሚስት ሞተሩን ታስነሣለች፤ ባል ሾርባውን ይሠራል። ሰው ከጀልባ ቢወድቅ ምን እንደሚደረግ ትራስ ወይም ጀሪካን ባሕር ላይ ወርውረው ይለማመዳሉ፦ ወዲያው የሚንሳፈፍ ነገር ይወረወራል፤ አንድ ሰው ዓይኑን ሳይነቅል በጣቱ እያመለከተ ይቆማል፤ ሌላው ጀልባዋን ያቆማል። ልጆችም በሬዲዮው 16ኛ ቻናል «ሜይዴይ» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ጠርተው የጀልባዋን ስምና ያሉበትን ቦታ መናገር ይማራሉ።

ለእኛስ?

ውድ አንባቢያን! እኛ ከባሕር ርቀን የምንኖር ሰዎች ነን። መልሕቅም የለን፣ ሸራም የለን። ነገር ግን በየቤታችን ሰማያዊና ሮዝ ሥራ አለ። የመብራት ማከፋፈያውን ማጥፋት የማታውቅ እናት፣ ለታመመ ልጁ አጥሚት መሥራት የማይችል አባት፣ የቤቱ ካርታና የባንክ ደብተር የት እንደተቀመጠ አንደኛው ብቻ የሚያውቅበት ትዳር በየሰፈሩ ሞልቷል። ይህ በደህና ቀን ልማድ ይባላል፤ በክፉ ቀን ግን አንድ ቤተሰብ የሚሰጥምበት ቀዳዳ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር እንድትሞክሩ እናሳስባለን። ባለቤታችሁ ብቻ የሚያውቀውን አንድ ሥራ ወይም አንድ ወረቀት እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ እናንተም ብቻችሁን የምታውቁትን አንዱን ለእርሱ አሳዩት። ልጆቻችሁም ወንድ ሴት ሳይባል የቤታቸውን አድራሻና የሁለታችሁንም ስልክ ቁጥር በቃላቸው ያጥኑ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። በፋንጋሬይ ወንዝ ላይ በገመድ ታስረው የሚያድሩት ቤቶች ሌላ ሚስጥር የላቸውም። በውስጣቸው ያለው ሰው ሁሉ ውሃው ስንት እንደቀረ ያውቃል፤ መሪውንም መያዝ ይችላል።

ቸር ይግጠመን።